ጀሪካን ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ሽታው ይታይ

ከቤት ዕቃዎች መካከል የጀሪካንን ያህል ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ሲሰለች ለቆራሌው ይሸጥና ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያም ታጥቦ ዳግም ገበያ ይወጣል፤ ወይም ተፈጭቶ ለሌላ ዕቃ መሥሪያ ይውላል። ገዥው ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን ይዞ እንደነበር ካላወቀ ከገንዘቡ ሌላ ጤናውንም ሊጎዳ ይችላል።

አብዛኛው የውሃና የዘይት ጀሪካን የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ከተባለው ፕላስቲክ ነው። ፖሊኤቲሊን የሚገኘው ከነዳጅ ዘይት ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው የኤቲሊን ጋዝ ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ሲረዝሙ ነው። ለኢንዱስትሪ በሚያገለግል መንገድ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር፣ አይ.ሲ.አይ. በተባለው ኩባንያ ላቦራቶሪ ሲሆን፣ አሠራሩ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በዝቅተኛ ግፊት የሚመረትበትን ዘዴ አገኘ። በዚሁ የምርምር መስክ ከጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ዓይነት ሳስቶ ስለሚደረደር ለስላሳ ነው፤ ለማሸጊያ ላስቲክ ይሆናል። ቀጥ ያለው ደግሞ ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ጠንካራ ነው፤ ጀሪካንና የውሃ ቧንቧ ይሠራበታል። በዕቃው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጠንካራው 2፣ ለስላሳው 4 ቁጥር ይጻፍበታል።

ጠንካራው ፖሊኤቲሊን አይዝግም፣ ውሃ አይመጥም፣ እንደ እንስራም ወድቆ አይሰበርም። ድክመቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስም ይቀልጣል። ሁለተኛ፣ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከዋለ ደርቆ ይሰነጠቃል። የውጭ ቧንቧ ጥቁር የሚሆነው የፀሐይን ጨረር የሚከላከል የጥቀርሻ ዱቄት ስለሚጨመርበት ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ላምባ፣ ቤንዚንና ናፍጣ ወደ ግድግዳው ዘልቀው ይገባሉ። ፕላስቲኩም ነዳጁም ከአንድ ዘር ስለሆኑ ይስማማሉ። ስለዚህ ላምባ የያዘ ጀሪካን በሳሙና ደጋግሞ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ቀስ በቀስም ወደ ውሃው ይወጣል።

ስለሆነም ያገለገለ ጀሪካን የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት አለበት። ከተቻለም ክዳኑን ዘግቶ ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆይቶ ዳግም ማሽተት ይበጃል፤ ሙቀት የተደበቀውን ሽታ ያወጣልና። የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ግን ባይሸትም እንኳ ለውሃም ሆነ ለምግብ ፈጽሞ አይውልም። እንዲህ ያለው ዕቃ ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ይመከራል። ያለፈ ታሪኩን ሻጩ መናገር ያልቻለውን ጀሪካን መተው ይሻላል።

ፈጭተው ለሚሸጡትም አንድ ቀላል መለያ አለ። ፖሊኤቲሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ የውሃ ጠርሙስና ፒ.ቪ.ሲ. ግን ይሰምጣሉ። ሆኖም ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ሌላ ፕላስቲክም ስለሚንሳፈፍ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል፤ የዚህኛው ቁጥር 5 ነው። የሚቀልጠው 160 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑና ከፖሊኤቲሊን ጋር በደንብ ስለማይዋሃድ፣ ተደባልቀው የተሠሩበት ዕቃ ቶሎ ይሰነጠቃል። ለይቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ደንበኛውን አያጣም።