ሞተር የማያስነሣ ትርፍ ቍልፍ

በቀድሞ ዘመን የመኪና ቍልፍ ጥርስ ያለው ብረት ብቻ ነበረ። ጥርሱ ከመቈለፊያው ጋራ ከተስማማ ይዞራል፤ ካልተስማማ አይዞርም። ስለዚህ ቍልፍ ቀራጭ የፊተኛውን አይቶ ሌላ ቢቀርጽ፣ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ሞተሩን ያስነሣ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብዙ ሰው ትርፍ ቍልፍ አስቀርጾ በሩን ይከፍትበታል፤ በማስነሻውም ቀዳዳ አግብቶ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን እንቢ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ወይ መኪናውን ይፈታታል፣ ወይ ቀራጩን ይከሳል።

ጉዳቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከከተማ ርቆ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ አንድ መኪና ብቻ አለው እንበል። ሾፌሩ ዋናውን ቍልፍ እንደ ያዘ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዷል፤ ትርፉ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ትርፉን ቍልፍ ሲያወጡት መኪናው ባይነሣ፣ ጥፋቱ የዚያች ሌሊት አይደለም፤ ቍልፉ በተቀረጸበት ቀን ሳይሞከር በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ማወቅ ለሾፌር ብቻ ሳይሆን መኪናን በአደራ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ስለ ቍልፉ አሠራር

ሌቦች መቈለፊያውን ሰብረው ሽቦውን በማገናኘት ሞተር ማስነሣትን ስለ ለመዱ፣ መኪና ሠሪዎች በብረቱ ላይ ሌላ ጠባቂ ጨመሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት ለተባለው መኪና በቍልፉ ላይ የኤሌክትሪክን ጕዞ በተወሰነ ልክ የምትቃወም ፍሬ አኖረ፤ ልኩ ካልተገኘ ሞተሩ አይነሣም ነበር። ኋላም ጥበቡ እየረቀቀ ሄዶ ኢሞቢላይዘር የሚባለው መሣሪያ መጣ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1998፣ በካናዳም ከ2007 ጀምሮ፣ አዲስ የሚሸጥ የቤት መኪና ይህ መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በቍልፉ ራስ ውስጥ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ቺፕ አለች። በማስነሻው ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ የሽቦ ጥምጥም ያለበት ቀለበት አለ። ቍልፉ ገብቶ ሲዞር፣ ቀለበቱ በብዙ መኪናዎች በሴኮንድ 125,000 ጊዜ ያህል የሚመላለስ የማግኔት ኃይል ይሰጣል። ቺፗ በአብዛኛው የራሷ ባትሪ የላትም፤ ከዚህ ኃይል ኤሌክትሪክ አግኝታ ምስጢሯን ትመልሳለች። ይህም ማይክል ፋራዴይ በ1831 የገለጠው ሕግ ነው፤ ይኸውም የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ የሽቦ ጥምጥም ውስጥ ኤሌክትሪክን ያስነሣል ማለት ነው።

ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት፣ የግቢ ዘበኛን ማሰብ ይበቃል። ብልህ ዘበኛ መልክ አይቶ ብቻ አያስገባም፤ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስምንም ከመዝገብ ይመለከታል። የቍልፉ ጥርስ መልክ ነው፤ ቺፗ ግን ቃል ናት። ትርፉ ቍልፍ መልኩ ቢመስልም ቃሉን ካልያዘ፣ ወይም ስሙ በመኪናው መዝገብ ካልተጻፈ፣ ከደጅ ይመለሳል።

2ኛ፤ ስለ ምርመራው ተራ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለ፣ ምርመራው ከቀላሉ ተጀምሮ በተራ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ፤ መኪናው በዋናው ቍልፍ ይነሣ እንደ ሆነ መሞከር ነው። በዋናውም ካልተነሣ ነገሩ የትርፉ ቍልፍ አይደለም። መብራቶቹ ከደከሙ፣ ወይም ቍልፉ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ በፊት መመርመር ያለበት የመኪናው ባትሪ ነው።

ሁለተኛ፤ ትርፉ ቍልፍ ይዞር እንደ ሆነ ማየት ነው። ገብቶ የማይዞር ከሆነ ጥፋቱ የጥርሱ ነው፤ ነገር ግን መሪው ተቈልፎ እንደ ሆነ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ እያወዛወዙ መሞከር ይገባል። ካረጀ ቍልፍ የተቀረጸ ቍልፍ የአሮጌውን መበላት ይወርሳል፤ ስለዚህ ከፋብሪካው የተሰጠው የቍልፍ ቍጥር ካለ፣ በዚያ ቍጥር ማስቀረጽ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ቍልፉ ደኅና ዞሮ ሞተሩ ካልተነሣ፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የቍልፍ ወይም የመኪና ሥዕል ያለባትን ትንሽ መብራት መመልከት ነው። በብዙ መኪናዎች ቍልፉ ከታወቀ መብራቷ ትጠፋለች፤ ካልታወቀ ብልጭ ድርግም እያለች ትቈያለች። በአንዳንዱ መኪና ሞተሪኖው ጨርሶ ዝም ይላል፤ በሌላው ደግሞ ሞተሩ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ተነሥቶ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ቃሉ እንዳልታወቀ ያመለክታል።

አራተኛ፤ የዋናውን ቍልፍ ራስ ወደ ቀለበቱ አስጠግቶ፣ በትርፉ ቍልፍ ማዞር ነው። ሞተሩ ከተነሣ የትርፉ ጥርስ ደኅና መሆኑ፣ የጐደለውም ቃሉ መሆኑ ታወቀ። ባይነሣ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ቺፖች ባንድነት ሲመልሱ አንዱ ሌላውን ሊያውክ ይችላልና። ስለዚሁም ምክንያት በሌላ ጊዜ ብዙ ቍልፎችን ባንድ ቀለበት አስሮ መያዝ መልካም አይደለም።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሩቅ በር የሚከፍተው ቍልፍ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ይህ ባትሪ የሚያገለግለው ለበሩ ነው። ስለዚህ በቁልፉ በሩ ተከፈተ ማለት ሞተሩ ይነሣል ማለት አይደለም፤ ባትሪው ደከመ ማለትም በቀዳዳ የሚገባው ቍልፍ ሞተር አያስነሣም ማለት አይደለም። ቍልፍ ሳይገባበት በመጫኛ በሚነሣ መኪና ግን፣ የቍልፉ ባትሪ ሲደክም ቍልፉን ወደ መጫኛው አስጠግቶ መሞከር በብዙዎቹ ዘንድ ይሠራል።

3ኛ፤ ስለ መፍትሔውና ስለ ጥንቃቄው

ቺፕ የሌለው ቍልፍ ቺፕ ይገባለታል፤ ቺፕ ያለው ግን ያልተመዘገበ ቍልፍ ይመዘገባል። ምዝገባው በብዙ መኪናዎች የሚደረገው ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ በሚገጠም ኮምፒውተር ነው። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ ቍልፎቹን ሁሉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ መኪና አዲሱ ሲመዘገብ በስፍራው ያልተገኙት ይሰረዛሉና። አንድ የሚሠራ ቍልፍ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ግን ድካሙም ዋጋውም ይበዛል።

መኪናውን በሰው ኃይል ገፍቶ ለማስነሣት መድከም ከንቱ ነው፤ ቃሉ ካልታወቀ ሞተሩ ቤንዚን ወይም እሳት ይከለከላልና። የዋናውን ቍልፍ ቺፕ አውጥቶ በቀለበቱ ሥር ለዘወትር ማሰርም አይገባም፤ ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

4ኛ፤ ጠብ ሲነሣ

ባለመኪናውና ቀራጩ ተጣልተው ወደ ሽማግሌ ሲመጡ፣ ከፍርድ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። የተዋዋሉት ብረቱን ለማስቀረጽ ብቻ ነበረ ወይስ ለማስመዝገብም ጭምር? ቍልፉ ሁለቱም ባሉበት በመኪናው ላይ ተሞክሯል ወይ? የቍልፉ ቅርፊት ተለውጦ ቺፗ በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ ቀርታ ይሆን? ብዙ ጊዜ ተሰረቀች የተባለችው ቺፕ በተጣለው ቅርፊት ውስጥ ትገኛለች። ብረት ብቻ ቅረጽልኝ ተብሎ ብረት የቀረጸ ሰው ሥራውን አድርሷል፤ ሞተር የሚያስነሣ ቍልፍ እሰጣለሁ ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ግን ቃሉን መፈጸም አለበት።

እንግዲህ ያልተሞከረ ትርፍ ቍልፍ እንደ ትርፍ ሊቈጠር አይገባም። ዋናው በእጅ ሳለ፣ ትርፉን አግብቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ደግሞ መሞከር ነው።

ለተማሮች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የቍልፉ ጥርስና ቺፕ ሥራቸው በምን ይለያል?
2. ባትሪ የሌላት ቺፕ ኤሌክትሪክን ከየት ታገኛለች?
3. ቍልፉ ዞሮ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ቢጠፋ፣ በፊት ምን መመልከት ይገባል?
4. መኪናው በዋናውም በትርፉም ቍልፍ ባይነሣ፣ ምርመራው ከምን ይጀመራል?
5. ትርፍ ቍልፍን ዋናው ሳይጠፋ መሞከር ስለ ምን ያስፈልጋል?