የጎረቤት ሐቅና የቅሬ ሥርዓት

ምስጋና ሁሉ ሰውን ብቻውን እንዲኖር ላልተወው፣ ደጁንም ከሌላው ሰው ደጅ አጠገብ ላደረገለት ለአላህ ይገባዋል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የጎረቤትን ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱ ኒሳእ በ36ኛው አንቀጽ እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ ለወላጅ፣ ለዘመድ፣ ለየቲምና ለምስኪን በጎ እንድንሠራ አዝዞ፣ በዚያው ቃል የቅርቡንና የሩቁን ጎረቤት አብሮ ቆጥሯል። ልብ በል፤ የጎረቤት ነገር የተነሣው ከተውሒድ ጋር በአንድ አንቀጽ ነው። የሩቁ ጎረቤት ማን እንደ ሆነ ሙፈሲሮች ተነጋግረውበታል፤ አንዳንዶቹ ዝምድና የሌለው ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ በሃይማኖት የሚለየው አይሁዳዊውና ክርስቲያኑ ነው ብለዋል። ጂብሪልም ስለ ጎረቤት አደራውን ከመደጋገሙ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ እንደ ደረሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ጎረቤት የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው? ሐሰን አል በስሪ ይህን በተጠየቁ ጊዜ ወደ ፊት አርባ ቤት፣ ወደ ኋላም አርባ፣ በቀኝ አርባ፣ በግራም አርባ እንደ ሆነ መልሰዋል። ይህ አቆጣጠር ቤቶች በተቃቀፉበት ከተማ አንድ ሰፈር ብቻ ይሆናል። መጽሐፉ በዐረብኛ ሲዘጋጅ የታሰበው የከተማ ሰው ስለ ሆነ፣ ለአገራችን አንባቢ ከዚህ ላይ ጥቂት መጨመር አስፈልጓል። ከላሊበላ ወጥተህ፣ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ብትሄድ፣ የላስታ ቤቶች በየጉብታው ተበታትነው ታገኛቸዋለህ። በአራቱ ማዕዘን አርባ አርባ ቤት ልቁጠር ብትል ሸለቆውን ተሻግረህ ከማዶው መንደር ትደርሳለህ። በዚያ አገር ሙስሊሙ ጥቂት፣ ክርስቲያኑ ብዙ ስለ ሆነ ከቈጠርካቸው ደጆች የሚበዙት የክርስቲያን ደጆች ናቸው። እንግዲህ ሐቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤት ብቻ ነው የሚል ሰው በላስታ ተቀምጦ የአላህን ትእዛዝ ለሁለትና ለሦስት በር ብቻ አስቀረው ማለት ነው።

ዑለሞች ጎረቤትን በሦስት ከፍለው አስተምረዋል። ሙስሊም ዘመድ የሆነው ሦስት ሐቅ፣ ሙስሊም ሆኖ ዘመድ ያልሆነው ሁለት፣ በሃይማኖት የሚለየውም አንድ ሐቅ አለው፤ ይህም የጉርብትና ሐቅ ነው። አንድ ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ሰሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደ ሆነ መላልሰው ይጠይቁ እንደ ነበር ተዘግቧል።

ለእኛም ለሐበሻ ሰዎች ከዚህ የሚቀርብ ማስረጃ አለን። በነቢይነቱ በ5ኛው ዓመት ወደ አገራችን ከተሰደዱት መካከል ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ እስልምና ሲያስረዱ፣ በጃሂሊያ ዘመን ከነበሩት ክፋቶች አንዱ ጎረቤትን መበደል እንደ ነበረና ነቢዩም ለጎረቤት መልካም መሥራትን እንዳዘዙ ተናግረዋል። ይህ ቃል የተነገረው በዚችው በሐበሻ ምድር፣ ክርስቲያን በነበረ ንጉሥ አደባባይ መሆኑን አትርሳ።

አሁን ወደ ቅሬ እንመለስ። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ሰው ሲሞት የቅሬው ሰዎች ጥሪውን ሰምተው ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ፤ መቃብር የሚቈፍር ይቈፍራል፣ ቃሬዛ የሚሸከም ይሸከማል፣ ሴቶቹም ውሃና እንጨት፣ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ከሐዘንተኛው ቤት ይገባሉ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ በሚገናኙበት ቦታ፣ እኛ ሰላተል ጀናዛ ስንሰግድ ክርስቲያኑ ጎረቤት ዳር ቆሞ ይጠብቀናል፤ የእርሱ ሟች ሲሸኝም እኛ እስከ ቅጥሩ ሸኝተን የእነርሱ ጸሎት እስኪፈጸም ከውጭ እንቆያለን። አምልኮን ሳይካፈሉ ሸክምን መካፈል ይቻላል። አንዳንድ ወጣት ይህን ጥፋት አድርጎ ሲናገር ይሰማል። እርሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲያልፍ ቢነሡ፣ ሟቹ አይሁዳዊ መሆኑ በተነገራቸው ጊዜ እርሱም ነፍስ እንደ ሆነ ማሳሰባቸውን ይመልከት፤ ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

በቅሬ ሳይደርስ የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል። መቀጮው ሥርዓት ለመጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከአላህ ዘንድ አጅር የሚገኘው ግን በኒያ ነው። መቀጮ ፈርቶ የመጣና በፈቃዱ የመጣ እኩል አፈር ቢዝቁም፣ ሥራቸው እኩል አይመዘንም።

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ጉዳይ አለ። ለሙት የሚሮጠው እግር ለሕያው ይዘገያል። አንዲት አሮጊት በሕይወት ሳለች ውሃ የሚቀዳላት አጥታ ከርማ፣ በሞተች ቀን መቶ ሰው ከደጇ ይቆማል። ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? መቃብር ለመቆፈር የተዘጋጀ ክንድ፣ ከሞቷ በፊት ጣራዋን ቢከድንላት፣ በእርሻ ወቅት በደቦ ማሳዋን ቢያርስላት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በዚያው ቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ቢያደርስ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልገውም። ሰዎቹም፣ ቃሬዛውም፣ ጥሪውም አሉ።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። በሱረቱል ማዑን ትንሽዋን መገልገያ የሚከለክሉ ሰዎች ተወቅሰዋል፤ ኢብኑ መስዑድም ይህን ሲፈቱ መጥረቢያን፣ ድስትንና የውሃ ባልዲን ጠቅሰዋል። በእኛ አገር ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ቀንበር፣ ለጠዋት የሚሰጥ ፍም እሳት ከዚህ ይቆጠራሉ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት መጠራቱም ከመልካሙ ነው፤ (በቡናው ላይ የሚነሣው ሐሜት ግን ሦስቱንም ስኒ ያከሽፈዋል)። ለማን ልጀምር ለሚል ነቢዩ ለእመት ዓኢሻ በሩ ለሚቀርበው እንዲጀመር መልሰዋል።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከዚህ ደጋ ብዙ ሰው እህል ፍለጋ በእግሩ ወጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው፣ በእንግዳ የሚተዳደረው ከተማ እንግዳ አጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ከጎረቤቱ በቀር ማን አለው? ዳሩ ግን ጦርነት ሲያልፍ ሌላ ነገር ጥሎ ያልፋል፤ እገሌ እንዲህ አድርጓል፣ የእገሌ ልጅ ከእነ እገሌ ጋር ነበር የሚል ሹክሹክታ በየደጁ ይቀራል። የቅሬ ሽማግሌዎች ከባዱ ሥራቸው ይህ ነው። ያልተጣራ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ምስክርህን አምጣ ሊሉት፣ የተኳረፉትንም ከቃሬዛ ሥር ሳይሆን አስቀድመው በቤታቸው ሊያገናኟቸው ይገባል።

መዋጮ መክፈል ስላቃተው ድሀ የሚጠይቁ አሉ። ድሀውን ከቅሬ ማስወጣት ትልቅ በደል ነው፤ ባለጸጋው የእርሱን ድርሻ ሰደቃ አድርጎ በምስጢር ይክፈልለት፤ ስሙም በጉባኤ አይነሣ።

ስለ ድግሱም ይጠየቃል። በወሎ ልማድ ሥጋው በየወገኑ ስለሚታረድ አንዱ ሌላውን ብላ ብሎ አያስጨንቅም። ክርስቲያኑ በዒድ ቢጠራ፣ ሙስሊሙም በገና ቢጠራ፣ ለእንግዳው የራሱ ወገን ባርኮ ያረደው ይዘጋጅለት፤ ይህ ካልተቻለ ሽሮና ምስር ይቅረብ። ዳቦውና ቡናው ግን የሁሉም ነው።