ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት

አባታችን ካረፈ በኋላ ከሳጥኑ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አገኘን። ወፍራም ካፖርት የለበሰ ወጣት በረዶ ላይ ቆሟል፤ ከጀርባው በእርሳስ «ጥር 1945» ተጽፏል። ውጭ አገር ያደገችው የእህቴ ልጅ «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው» አለች። ዘመኑ ግን የእኛ ነው፤ በፈረንጅ 1953፣ የኮሪያ ጦርነት ያላበቃበት የብርድ ወቅት።

የአባትዎን የኮሪያ ዘመቻ ሲፈልጉ መጀመሪያ ዘመኑን ያጥሩ። ዘመኑ ሻለቃውን ይነግርዎታል። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣውና በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም የተጠራው ቃኘው ሻለቃ በየዓመቱ ይተካ ነበር፤ አንደኛው በ1943፣ ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ሚያዝያ ገደማ ኮሪያ ገቡ። ስለዚህ የጥር 1945ቱ ወጣት የሁለተኛው ቃኘው ሰው ነው። ወሩ ባይጻፍ ኖሮ ከሦስተኛው ጋር ይምታታብን ነበር።

ሜዳሊያ ካገኙም በጥንቃቄ ይዩት። በሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ የተንጠለጠለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ለእኛ ዘማቾች በአማርኛ ተቀርጿል። መዝመቱን ይመሰክራል፤ ከየትኛው ሻለቃ ጋር እንደሄደ ግን አይናገርም።

ሻለቃው ከታወቀ በኋላ ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ መዋጋቱን ያስታውሱ። የዚያ ክፍለ ጦር የውሎ ዘገባዎች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። እነሱን በሰው ስም ሳይሆን በክፍሉና በቀኑ ይፈልጉ። የስም ዝርዝር ካጋጠመዎ ደግሞ በአባትዎ የራሱ ስም ይጀምሩ፤ የእኛን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሁሉ በመሰለው ስለሚጽፈው አንዱን ስም በሦስት አራት መልክ ይሞክሩ።

ቤት ውስጥ ወረቀት ካልተገኘ «አልዘመተም» ብለው አይደምድሙ። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ክብር ዘበኛ ተበትኗል፤ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ለደቡቡ መዝመት በኩራት የሚነገር ነገር አልሆነም። ብዙ አባት ዝም ያለው ልጆቹን ለማኖር ነው። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ጓዶች፣ አክስትና አጎትን፣ አዲስ አበባ ያለውን የዘማቾች ማኅበር ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠይቁ። ሰነድ ይቆያል፤ ሰው አይቆይም።

እኔ በአባቴ የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ምንም አልጨመርኩም። በሌላ ወረቀት ግን ለእህቴ ልጅ እንዲህ ጻፍኩላት፦ «ጥር 1945፤ በፈረንጅ 1953። አያትሽ፣ ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ፣ ኮሪያ።»