አርዲቦ ዳር በአራቱም ወቅት፦ እርምጃ መድኃኒት የሚሆነው እንዴት ነው?

ደም ግፊት ወይም ስኳር ላለበት ሰው «ተራመድ» ብለን ስንመክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ «የት? በምን ያህል ፍጥነት?» የሚል ነው። መልሱን ሳናብራራ ስለምንቀር፣ ወራት ሙሉ ወንበር ላይ የከረመ ሰው አንድ ቅዳሜ ተነስቶ ዳገት ይወጣና ደረቱን ይይዛል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ቦታ መርጠን በደንብ እንየው፦ ደቡብ ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። አርዲቦ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከታላቁ የሐይቅ ውሃ ከፍ ብሎ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ ነው። ይሄ ለጤናችን ትርጉም አለው። ወደ ሐይቅ አቅጣጫ ስትወርዱ እግር ቀላል ነው፤ ስትመለሱ ግን ዳገቱ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ አቅማችሁን ስትለኩ መመለሻውን አስቡ እንጂ መሄጃውን አይደለም። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ቀስ ይበል።

ለምን ዛፍ ሥር?
የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ጃፓኖች ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ሺንሪን ዮኩ» ብለው በደን ውስጥ ቀስ ብሎ መራመድን እንደ ጤና ልማድ ያበረታታሉ። ጭንቀትን ለመቀነስ ይረዳል፣ ደም ግፊትንም በመጠኑ ሊያወርድ ይችላል። ግን ልብ በሉ፦ የታዘዘላችሁን ክኒን አይተካም! «ተራመድኩ» ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ።

ልኩ ምንድን ነው?
እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ ልኩ ያ ነው። ማውራትም ካቃታችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

አሁን ወደ ወቅቶቹ እንምጣ።

1. ከመስከረም እስከ ኅዳር
አደይ የሚፈነዳበት፣ አየሩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። አስም ያለበት ሰው የአበባ ብናኝ ሊያስነሳበት ስለሚችል የሚነፋውን መድኃኒት ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ። ይሄ ጊዜ የወባም ወቅት ነው። ወደ ቆላ ወርዳችሁ ካደራችሁ አጎበር ተጠቀሙ፤ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ተመርመሩ።

2. ከታኅሣሥ እስከ የካቲት
የወሎ ደጋ ጠዋት ብርድ አለው። ብርድ የደም ሥርን አጥብቦ ግፊት ስለሚጨምር የልብና የግፊት ታማሚዎች ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ጀምሩ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ዝግ በሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ባርኔጣ አይቅር።

3. ከመጋቢት እስከ ግንቦት
በልግ ዝናቡ የጠዋቱን ፀሐይ ተከትሎ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ነጎድጓድ ስትሰሙ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ውሃ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ በሙቀት ማዞር ሊመጣባችሁ ስለሚችል ውሃ ያዙ። በጾም ላይ ያላችሁ የስኳር ታማሚዎች፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ ባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አትጀምሩ። ካፈጠራችሁ በኋላ አጭር ብትራመዱ ይሻላል።

4. ከሰኔ እስከ ነሐሴ
ጭቃ ነው፣ ያንሸራትታል። መንገዱን በግማሽ ቀንሱ፣ ዱላ ያዙ፣ የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላይሰማው ስለሚችል ቤት ሲገባ ጣቶቹን መካከል ድረስ ይይ፣ አጥቦ ያድርቅ።

በየትኛውም ወቅት የማይቀሩ
👉 የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጉ። መንገዱን ያውቃል፣ የወይራውንና የግራሩን ስም ይነግራችኋል፣ ብትታመሙም ብቻችሁን አትሆኑም። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ።
👉 የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። በባዶ እግር የደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ የእግር ዝሆኔ ሊያመጣ ይችላል።
👉 እግራችሁን ሐይቅ ውስጥ አትንከሩ! ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣ አማካይነት በውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃው ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከገባችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለው።
👉 ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ስኳር ወይም ከረሜላ ያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ አረፍ በሉ።

ወዲያው ቁሙ!
ደረት የሚጨምቅ ወይም ወደ ግራ እጅና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቁጭ ብላችሁም የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል። «ዳገቱ ነው» ብላችሁ አትግፉ፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ቀድሞ የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ወሎ ርቆብናል ለምትሉ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የየጎፍ ደን አላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ አለላችሁ። እንጦጦ ግን ከአርዲቦ በብዙ ይበልጣል፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ እርምጃችሁን የበለጠ ዝቅ አድርጉ።

የመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ከወር በላይ ትንሽ አልፎ 30 ትደርሳላችሁ። ዳገት ያኔ።

እናትና አባታችሁ ስልክ ላይ ይህን ላኩላቸው። ከቻላችሁ ደግሞ ልካችሁ ብቻ አትቅሩ፣ አብራችሁ ውጡ። መልካም ጤና!