በሩን ልክፈትላቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ሥራ ካቆምኩ አምስት ወር ሆነኝ። በካውንስል ታክስ ውዝፍ ምክንያት ቤሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) እንደሚመጣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በር ሰብረው ይገባሉ?

መልስ፦ አይሰብሩም። ለዚህ ዕዳ ቤሊፍ መጀመሪያ ሲመጣ መግባት የሚችለው ሰው ከፍቶለት ወይም ያልተቆለፈ በር አግኝቶ ነው፤ ገፍትሮዎትም ሆነ በመስኮት መግባት አይፈቀድለትም። ቆልፈው በስልክ ወይም ከበሩ ጀርባ ሆነው ያነጋግሩት። የእኛ ሰው እንግዳ ደጅ ማቆም ይከብደዋል፤ እዚህ ላይ ግን ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል። አንዴ ገብቶ ዕቃ መዝግቦ ካስፈረመዎት፣ የተስማሙበት ክፍያ ሲቋረጥ በኃይል ሊመለስ ይችላል። መኪና ካለዎት ከቤትዎ ራቅ አድርገው ያቁሙት።

ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በኋላ ቢያንስ 7 ቀን አለዎት። ቤሊፉ ደጅዎ ከደረሰ ግን በዕዳው ላይ ከ200 ፓውንድ በላይ ይታከላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለካውንስሉ ይደውሉ፤ ሥራ እንደሌለዎት ነግረው ጉዳዩን ከቤሊፉ እንዲመልስ ይጠይቁ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኙ ከሆነ ውዝፉ ከእሱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲቆረጥ ካውንስሉ ማመልከት ይችላል። የካውንስል ታክስ ቅናሽም ይጠይቁ፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ነው ዕዳው የሚከመርባቸው። በሲቲዝንስ አድቫይስ ያሉ የዕዳ አማካሪዎች ደግሞ ለ60 ቀን ቤሊፉን የሚያስቆም እፎይታ ሊያስገኙልዎት ይችላሉ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው።