ጥቁር እንጨት አፍልተው ከመጠጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሱ በጌዴኦ ዞን የገደብ ወረዳ አባት ከጓሯቸው የጥቁር እንጨት ቅርፊት ልጠው ቢያፈሉ አልፈርድባቸውም። ዛፉ በጌዴኦ ከእንሰትና ከቡና ጋር አብረው ከሚያድጉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። ከቅርፊቱም በአውሮፓ ሽንት ለሚያመላልሰው የፕሮስቴት እጢ ማደግ የሚሰጥ መድኃኒት ይሠራል። ሆኖም ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ነጥቦች ይመልከቱ።

በሽታዎ ተለይቷል? ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፊኛ ጠጠርና የፕሮስቴት ካንሰርም ሰውን ለሽንት ያመላልሳሉ። ቅርፊቱ ካንሰርን አያድንም። ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ካለብዎ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለዎት፣ ሳያድሩ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የሚቀርብዎ ሆስፒታል ይሂዱ።

የሚያፈሉት በጥናት ከተፈተነው ጋር አንድ ነው? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ደባ በ1966 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት መድኃኒት ቅርፊቱን በውኃ በማፍላት የሚገኝ አይደለም። እንደ ቤታ ሲቶስቴሮል ያሉት ንጥረ ነገሮች በውኃ እምብዛም ስለማይሟሙ በኬሚካል ተለይተው ይወጣሉ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን በ2002 እ.ኤ.አ. 1,562 ወንዶች የተሳተፉባቸውን 18 ሙከራዎች አይቶ ነበር። ሌሊት ለሽንት መነሳት 19 በመቶ ቀንሷል፣ የሽንቱም ፍሰት በርትቷል። ለታማሚ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም። ግን ሙከራዎቹ ቢበዛ አራት ወር የቆዩ ነበሩ፤ የተፈተነውም በሚሊግራም የተለካ፣ በኬሚካል የወጣ ንጥረ ነገር ነው። በጀበና የፈላው ምን ያህል እንደያዘ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።

ቅጠሉን ጨፍልቀው ቢያሸቱት የመራራ ለውዝ ሽታ ያገኛሉ። ይህ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጩ ውህዶች በዛፉ ውስጥ እንዳሉ ምልክት ነው፤ ስለዚህ የፈላውን ቅርፊት ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይስጡ። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ቅርፊቱን መጠጣትዎን ለሐኪምዎ አይደብቁ።

ዛፉስ? ዙሪያውን የተላጠ ጥቁር እንጨት ይደርቃል። ካሜሩን ውስጥ ለውጭ ገበያ ሲባል ብዙዎቹ በዚሁ ጠፍተዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ገበሬው ዛፍን ከሰብሉ ጋር አኑሮ ስላቆየም ነው። ነጋዴ መጥቶ ቅርፊት ልግዛ ቢልዎ፣ ዛፉ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ነውና፣ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ አያስነኩት።