በመዝገባችን «ቀረ» የተባሉት ልጆች

በየዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ስንዘጋ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ አብረው ከጀመሩት ልጆች ስንቶቹ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል? ዐማራት ላለ ትምህርት ቤት መልሱ ቀላል አይደለም። አንዱ ቤተሰብ በመተማ በኩል አገር ቤት ይገባል፤ ሌላው ካይሮ ይሄዳል፤ ለሌላው ሦስተኛ አገር ይደርሰዋል። ልጁ ከእኛ ወጣ እንጂ ትምህርት አላቆመ ይሆናል። እኛ ግን ለዓመታት ሁሉንም «ቀረ» ብለን ጽፈናል፤ ስሕተቱ የራሳችን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሒሳብ መንገድ ያበጁት ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ሜየር ናቸው። አንዱ በስልክ መስመር ላይ የሚገጠሙ ቫኪዩም ቱቦዎች እስከ መቼ እንደሚያገለግሉ፣ ሌላው ሕሙማን ከሕክምና በኋላ ምን ያህል እንደሚቆዩ ይመረምሩ ነበር። ለአንድ መጽሔት ለየብቻ ተቀራራቢ ጽሑፍ ልከው «አንድ አድርጉት» ተባሉና በ1958 እ.ኤ.አ. በጋራ አሳተሙት።

ውድ ተማሪዎች፣ እርሳስ ያዙ። 10 ልጆች አብረው ጀመሩ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ አቋረጠ፤ የቀጠሉት ከ10 ዘጠኙ፣ ማለትም 0.9 ናቸው። ከዚያ 3 ልጆች በመማር ላይ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር አገር ለቀቁ። በዓይናችን ሥር የቀሩት 6 ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ከ6ቱ አንዱ አቋረጠ፤ የቀጠሉት 5/6 ሆኑ። 0.9ን በ5/6 ስናባዛ 0.75 ይመጣል፤ 75 በመቶ ማለት ነው። ሦስቱን አቋራጭ ብንላቸው 50 በመቶ፣ ቀጥለዋል ብንል ደግሞ 80 በመቶ ይሆን ነበር። ዘዴው ልጆቹን እስከታዩበት ቀን ድረስ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እነርሱ አይፈርድም።

በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትንና ሞትን ብቻ ሳይሆን አካባቢውን ለቆ መሄድንም ቤት ለቤት አስመዝግቧል። የሄደበት ቀን ካልተጻፈ ሰውየው ስንት ጊዜ በክትትል ውስጥ እንደቆየ በምን ይታወቃል?

ዘዴው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የሄዱት ልጆች እዚህ ከቀሩት ይበልጥ ለማቋረጥ የተቃረቡ መሆን የለባቸውም። እዚህ ላይ እንጠራጠራለን። አባት ሥራ ሲያጣ ወይም እናት ሻይ መሸጡ አላዋጣ ሲላት የሚነሡበት ጉዞ ልጁን ወደ ክፍል ላይመልሰው ይችላል። እንዲያ ከሆነ 75 በመቶውም ከእውነቱ የበዛ ነው።

ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በመዝገባችን ሦስት ዓምዶች እንጨምራለን፤ ልጁ መጨረሻ የተማረበት ቀን፣ የሄደበት ምክንያት፣ የሚገባበት ትምህርት ቤት። ውድ ወላጆች፣ ጉዞው ድንገተኛ ቢሆንም ሰው ላኩብን። መሸኛውን በዚያው ቀን እንጽፋለን።